ፒያኖው፣ ማይኮቹና የየኔታ መቋሚያ

ኅዳር 8፣ ጠዋት

ማይኮቹን ዛሬም አዛወርኩ። መጀመሪያ ከፒያኖው ክዳን ሥር፣ ክሩን የሚመቱት መዶሻዎች አጠገብ። ጥርት ይላል፤ ግን ሽምብራ የሚቆረጥም ሰው ጆሮዬ ሥር የተቀመጠ መሰለኝ። አውጥቼ የፒያኖው ጎን የሚጎብጥበት ጋ ተከልኳቸው። ግሩም። ደብተር ሆይ፣ ይህን ታላቅ ግኝት ለትውልድ አስተላልፊ።

ያለንበት የላሊበላ ሆቴል ጭር ብሏል። ቱሪስት ከቀረ ወዲህ ባለቤቱ ፒያኖውን ለአዲስ አበባ ሰው ሸጦታል። ባሌ ጌትነት (ከእንግዲህ ጌ.፤ ስሙን ጽፌ አልዘልቀውም) ጣቱን ያፍታታው በዚህ ፒያኖ ነው። ሳይጫን እንቅዳው ብለን መጣን። ለእኔ የነገረኝ ይህን ነው። እውነቱ ግን አባቱ ናቸው። መሪጌታ፤ የላሊበላ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ልጃቸው ሲጫወት አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም። አሁን ደግሞ ጆሯቸው እየከዳቸው ነው። ጌ. ትናንት "ጨርሶ ሳይዘጋ ይስሙኝ" አለ።

ኅዳር 9፣ ከሰዓት

የኔታ መጡ። ጌ. ዜማው መሐል ላይ እጁን አንሥቶ ብድግ። "ኖር!" "በእግዜር፣ በእግዜር።" ተቀዳ፤ ጥራቱ ወደር የለውም። የኔታ ለጸሎት ወጡ፣ ተመለሱ። እንደገና ብድግ። ጋቢያቸውን ረስተው ወጡ፣ ተመለሱ። ብድግ። እስካሁን በእጄ ያለው ሩብ ዜማና አንድ ቁና ኖር ነው።

ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ብልኃት፦ የኔታን ቀድመን አስቀመጥናቸው። ጌ. ጀመረ። እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም። መሐሉ ላይ የኔታ ወደ እኔ ዞሩ፤ "ልጄ፣ ይኼ ሣጥን መቼ ነው የሚጮኸው?"

ጌ. ሰምቷል። እስከ መጨረሻው ተጫወተና ክዳኑን ዘግቶ ወጣ።

ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ። ይህንንም ያዢልኝ።

ኅዳር 11፣ ጠዋት

ፒያኖውን የሚጭነው መኪና ነገ ይደርሳል። ዛሬ ጋሸና ከተማ ያድራል አሉ። ከአሸተን ተራራ የሚወርደው ነፋስ መስኮቱን ያንኳኳል፤ በብርድ ልብስ ደፈንኩት።

የኔታ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ኖር፣ በእግዜር፣ እንደ ሥርዓቱ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ገፉት። ሌሊቱን ማሕሌት ቆሞ የሚያነጋ ሰው ወንበር ምን ያደርግለታል። ማይኮቼን እንደ ቁጥቋጦ ገለጥ አድርገው ፒያኖው ጎን ቆሙ፣ መቋሚያቸውን እንጨቱ ላይ አስደግፈው አገጫቸውን ከላይ ጣሉ። እዚያው፣ የእኔ የተቀደሰ ቦታ ላይ። ልናገር አፌን ስከፍት ጌ. ጀመረ።

የየኔታ ዓይን ፈጠጠ። ቀስ ብሎ ተከደነ።

"ድምፁ በመቋሚያው፣ በአገጬ መጣ" አሉ።

ጌ. ቀጠለ።

"ግራ እጅህ ይቸኩላል። ረጋ በል።"

"እሺ፣ አባዬ።"

(እኔ ይህንኑ ስለው ሁለት ቀን ነው የሚያኮርፈው።)

ኅዳር 11፣ አመሻሽ

አዳመጥኩት። መቋሚያው እንጨቱን በነካ ቁጥር ቋ ይላል፤ ቋው ደግሞ ማይኮቼ አፍ ላይ። ጠዋት ሳይጫን አንዴ መድገም እንችላለን። ንጹሕ ቅጂ ካማረኝ ወይ የኔታን ላርቅ ነው፣ ወይ ማይኮቼን።

ወሰንኩ። ያ ቦታ የየኔታ ነው። ማይኮቹ ወደ ፒያኖው ጭራ፣ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይሄዳሉ። ድምፁ ትንሽ ይደበዝዛል። ይደብዝዝ። ለሙያ ጓደኞቼ እንዳትነግሪብኝ።