የእጮኛሽን ራት ሞከርሁት

ይድረስ ለልጄ ለእየሩስ፣ ኮሪያ።

የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ፣ ክፉ አያሳይሽ። እኛ ደኅና ነን። የጉና ብርድ ብቻ ዘንድሮ በረታብን፣ እሱንም ለምደነዋል።

ለፋሲካ እጮኛሽን ይዘሽ እንደምትመጪ ከነገርሽኝ ወዲህ ልጁ እኛ ቤት ምን ይበላል እያልሁ ስጨነቅ ነው የሰነበትሁት። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሳይገባ በስልክ ያስረዳሽኝን የኮሪያ ራት ሞከርሁት። የበሬውን ሥጋ አድቅቄ ከትፌ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ጠበስሁት። የላክሽውን የአኩሪ አተር መረቅ፣ የሰሊጥ ዘይትና ትንሽ ስኳር ጨምሬ ሩዙ ላይ ገለበጥሁት። እኔ ሽንኩርት አቁላልቼ በማልጨርስበት ጊዜ ራቱ ደረሰ።

አባትሽ «ስኳር በሥጋ? ሻይ ነው እንዴ ያፈላሽው?» አለኝ። ቀመሰው። ከዚያ በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማጉረስ ትቶ ነበር። ልጅ ሆነሽ ከገሳይ ገበያ እስኪመለስ ሳትበይ የምትጠብቂው፣ አፍሽን ከፍተሽ ከጎኑ የምትቀመጪው ትዝ አለኝ።

«ልጁስ ከእጄ ይጎርስልኛል ወይስ ይጸየፈኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። አገሩም ቋንቋውም አላስጨነቀው፤ የሚፈራው ይህችን ብቻ ነው።

እባክሽ ልጄ፣ እኔ የሱን ራት እንደተለማመድሁ አንቺም እዚያው እያጎረስሽ አለማምጂው። የአባትሽን ጉርሻ ትልቅነት ታውቂያለሽና በትንሽ በትንሹ ጀምሪለት።

ሁለታችሁንም በሰላም አምጥቶ ከአንድ ገበታ ያስቀምጠን።

እናትሽ ዓለሚቱ