ከግራ ጆሮዬ ስለወሰዱብኝ ሴት

ለተከበሩ የሙዚቃ መደብሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ሁለቱ ጆሮዎችዎ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማኩረፉ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎት። በስልክ ስደውል «ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው» የምትለው የማሽን ሴትዮ በጣም ስለለመደችኝ፣ ሰው ያማናል ብዬ ፈርቼ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህን ያህል ሰዓት አብራኝ የቆየች ሴት የለችም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ አያትም ነኝ። ባለቤቴ በወጣትነቷ ከአንድ ዘፋኝ ጀርባ ቆማ በአንድ ዘፈን ላይ ተቀባይ ሆና ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማይክሮፎን አልነካችም። ማዳመጫ ጆሮዎ ላይ ቢያደርጉ በቀኝ በኩል የምትጮኸው እህቴ ናት፤ በግራ በኩል ባለቤቴ። ዘፈኑ ሲቀረጽ ትልቋን ልጃችንን አርግዛ ስለነበረች፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ትንፋሽ አጥሯት ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይታ ትገባለች። ያችን ትንፋሽ እስክትሞት ድረስ ጠልታታለች፤ እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈኑን ስከፍተው ፊቷን በእጇ ሸፍና «ኧረ ባክህ ዝጋው!» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ድምፁን እጨምረዋለሁ። ከዚህ ሌላ ድምፅዋ የተቀረጸበት ነገር የለንም። ፎቶግራፍ ሞልቷል፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚሰማ ድምፅ ያልቃል ብሎ ግን ማን ያስባል?

ካሴቱን ቴፑ ከበላው ቆይቷል። ባለፈው ዓመት እሷን ከቀበርን በኋላ ትልቋ ልጄ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሙዚቃ ማጫወቻ ገዛችልኝ። የሰፈራችን ካሴት ሻጭ «አባባ፣ በነፃ ልገልብጥልዎት» ሲለኝ፣ የገዛ ሚስቴን ሰርቄ አልሰማም ብዬ ተቆጣሁት። ከእርስዎ መደብር በሕጋዊ መንገድ ከፍዬ አወረድኩ። ውሉንም «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ከመጫኔ በፊት በመነጽር እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ያነበበው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ልጄ በገመድ ወደ ማጫወቻዬ አስተላለፈችልኝ። ሁለተኛው አዝማች ሲደርስ እንባዬ መጣ።

«ምን ሆንክ አባዬ?» አለችኝ።

«ምንም፤ እናትሽ ዛሬም ዘገየች።»

«ያዘገየኋትማ እኔ ነኝ፤ ከሆድ ሆኜ ተቀብያለሁና ድርሻዬን ጠይቅልኝ!» አለችና ሁለታችንም እየሳቅን አለቀስን።

አሁን በታላቅ ትሕትና ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

፩. ባለፈው ወር ሌላ ዘፈን ልጨምር ገመዱን ስሰካ፣ ፕሮግራማችሁ ሳይጠይቀኝ የቆየውን የሚስቴን ዘፈን አንስቶ «የታደሰ» የሚባለውን ቅጂ ስለተካልኝ አመሰግናለሁ። እውነት ለመናገር ድንቅ ሥራ ነው። መንሿሿቱ ጠፍቷል፣ ከበሮው ጠርቷል፣ ተቀባዮቹም አዲስ ናቸው። ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም በሰዓቱ ይገባሉ። አንዷም እርጉዝ አይደለችም።

፪. ከብዙ ልመና በኋላ በስልክ ያገኘሁት ሠራተኛዎ ጨዋ ሰው ስለሆነ አመሰግናለሁ። የድሮው ቅጂ ጉድለት ስለነበረበት መነሳቱን፣ ከልጄ ኮምፒውተርም አብሮ መለወጡን አስረዳኝ። የአዲሱ ችግር ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ሚስቴ የለችበትም አልኩት። «በድምፅ ጥራት ቅሬታ ሥር እመዘግብልዎታለሁ» አለኝ። እህቴ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ከዘፈን መባረሯን ስትሰማ ለእርስዎ ያስተላለፈችው መልእክት አለ፤ ጋዜጣው አላትመውም ብሏል።

፫. ውሉን እንደገና እንዳነብ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ለካ የገዛሁት ዘፈኑን ሳይሆን እስከፈቀዳችሁ ድረስ የመስማት ፈቃድ ኖሯል። እንዲህ ያለ ውል ከዚህ በፊትም ገጥሞኛል። የዚያኛው ውል ባለቤት ግን እሷን ሲወስዳት፣ ይህቺ ትሻልሃለች ብሎ ሌላ ሴት አልላከብኝም።

ወደ ካሴት ሻጩም ተመልሼ ሄጄ ነበር። ካሴቶቹን ጠራርጎ ጥሎ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። «ያኔ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ አባባ...» ብሎ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። የቆየው ቅጂ እናንተ ዘንድ ከአንድ ጥግ አይጠፋምና ይፈልጉልኝ፤ እንደገና እከፍላለሁ። ሙሉውን መስጠት ከከበዳችሁ የግራውን ጆሮ ብቻ ላኩልኝ። ቀኙን አስቀሩት፤ እህቴን በየሳምንቱ በነፃ እሰማታለሁ። የግራውም ከበዛ ያችን ትንፋሽ ብቻ። ጉድለት ያላችሁት እሷን አይደል? የተጣለ ነገር ለሚፈልገው ቢሰጥ ማን ይጎዳል?

ለሰጡኝ ፈቃድ፣ ለነሱኝም ፈቃድ፣ ጎንበስ ብዬ (ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ) እጅ እየነሳሁ፣

ሕግ በማክበሩ ልጆቹ የሚስቁበት፣ ግራ ጆሮው ሥራ የፈታበት፣
የዘገየችው ተቀባይ ባል

ከፊርማው በኋላ የታከለ፦ ደብዳቤዬ ጋዜጣው ላይ ሊወጣ ሲል የይቅርታ ስጦታዎ ደረሰኝ። ከመደብሩ የምወደውን አንድ ዘፈን፣ የትኛውንም ቅጂ፣ በነፃ እንዳወርድ ፈቅደውልኛል። የዘፈኑን ስም ጻፍኩና ፕሮግራማችሁን የድሮውን ስጠኝ አልኩት። «ይቅርታ፣ ይህ ዘፈን አስቀድሞ የእርስዎ ነው» አለኝ።