ሥጋ ያልነካው መጥበሻ

መርሳ፣ ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ለሚዜዬ፣
ወልድያ

እንዴት ከረምሽ? ዓይንሽስ እንዴት ሆነልሽ? ሞራው ተገፈፈላት ሲሉኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ይህቺ ሴትዮ አርፋ አትቀመጥም፣ ጭስ ውስጥ ትገባለች ብዬ እዚሁ ሆኜ ተቆጣሁሽ። ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ምድጃ አጠገብ እንዳትደርሺ። ምግብ ቤቱ አንድ ወር ያላንቺ ቢያድር አይፈርስም። ወንድምሽ ደምሴስ ደህና ነው? ቢቆጣም ሰላም በይልኝ፤ ሰላምታ አይመለስም።

ቃልኪዳንስ? ዓይንሽ እስኪጠና የምታነብልሽ እሷ መሆኗን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቃልዬ፣ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ነውና ለእናትሽ ቀስ እያልሽ አንብቢላት። የተሳሳተውን አርሚው። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ያየሁት በመስኮት ነው።

እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፤ ሲዘንብ ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል። ልጄ ነሲባም ከባሏ ቤት መጥታ ነበር። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ የጠየቀችኝ ስላንቺ ነው። ምን እንደመለስኩላት አልነግርሽም።

ስልክሽን ስንቴ ሞከርኩ፤ ይጠራል ይጠራል፣ አታነሺውም። በኋላ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ወሬዬ ይኸውልሽ፤ ጅቡቲ ሄጄ መጣሁ። አዎ፣ ያ ሁለታችን ከልጅነታችን ጀምሮ «አብረን እንሄዳለን» ስንል የኖርነው ጅቡቲ። የመርሳ ማንጎ ነጋዴ ሴቶች ተሰብስበን «አንድ ሰው ሄዶ ገዢ ያናግር» ሲባል ሁሉም ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። ምላስ አላት ብለው ነው እንጂ ሌላ ምን አለኝ። የወንድሜ ልጅ ዓሪፍ አገሩንም አረብኛውንም ስለሚያውቅ አብሮኝ ሄደ። ሹፌራችን ብርሃኔ ነው፤ ያ አንቺ ቤት ቁርሱን ሳይበላ መኪና የማያስነሳው ረጅሙ ብርሃኔ።

በወልድያ አድርገን፣ በሐራና በጭፍራ ነው የወረድነው። በደጅሽ ስናልፍ ብርሃኔ ፍጥነቱን ቀነሰና «እንውረድ እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ። «ሂድ» አልኩት። መጋረጃሽ ተሰብስቦ ነበር። በጎን ዓይኔ ጠረጴዛ ሲወለወል አየሁ። ማን እንደሚወለውለው ግን አንገቴን አላዞርኩም።

አሁን የሠራሁትን ልንገርሽና ሳቂ። ዓሪፍ ጥሬውን፣ ድንጋይ ድንጋዩን ማንጎ እንጫን ሲለኝ፣ እኔ ሰው ቤት እየሄድኩ ጥሬ ይዤ አልገባም አልኩ። ከዛፉ ላይ የበሰለውን፣ ጉንጩ የቀላውን መርጬ፣ በጤፍ ጭድ ሸፋፍኜ አስጫንኩ። የጤፍ ጭድ! እኛ ማንጎ ቶሎ እንዲበስል የምንቀብርበት ጭድ፣ እሱኑ በአፋር በረሃ! ሚሌ ስንደርስ መኪናው ጠላ ቤት ጠላ ቤት ሸተተ። ድንበሩ ላይ ዝንቡ ተቀብሎን እስከ ከተማው ሸኘን። ገዢዋ ሴትዮ፣ እንደኛው ወፈር ያለች ጨዋታ አዋቂ ናት፣ ሣጥኑን ከፍታ አየችና በአረብኛ አንድ ነገር አለች። ዓሪፍን ምን አለች ብለው «ማንጎውን ነው ወይስ ጭማቂውን ነው የምትሸጡት ትላለች» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግነቱ ይሄ ተንኮለኛ ልጅ ከመቀመጫው ሥር ጥሬውን ደብቆ ጭኖ ኖሯል። እሱን አይታ፣ ጫን ጫን አድርጋ፣ አሸተተችና ወደደችው። ጥሬው ከነአንገቱ እንዲቆረጥ፣ ጭድ እንዳይነካው ተስማማን። ሴቶቹ ሲሰሙ እልል አሉ፤ የጭዱን ነገር ግን አልነገርኳቸውም፣ አንቺም እንዳትነግሪያቸው።

ጅቡቲ ሙቀቷ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ? የድስት ክዳን ስትከፍቺ ፊትሽን የሚመታሽ እንፋሎት አለ አይደል? እሱ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ሰዉ እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ይተኛል። ከዚያ ከኛው አገር የሄደው ጫት ይደርስና ከተማው ዓይኑን ይገልጣል። ወደቡን ከአጥር ውጭ ነው ያየሁት፣ ውስጥ አያስገቡም። የብረት ቀጭኔ የመሰሉ ክሬኖች ተሰልፈው፣ ቤት የሚያህለውን ኮንቴይነር እንደ ክብሪት ቀፎ ከመርከብ ላይ ያነሱታል። የኛ ሹፌሮች በየመኪናቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተራ ይጠብቃሉ። አማርኛ በየመንገዱ ነው። ሽሮ የምትሸጥ የደሴ ሴትም አገኘሁ። ሽሮዋ ያንቺ ሽሮ ጫፍ አይደርስም፤ አልነገርኳትም እንጂ። ሐሙዲ መስጊድ ገብቼ ሰግጃለሁ፤ ለዓይንሽም እዚያው ዱዓ አድርጌልሻለሁ።

ባሕሩን ግን ስሚኝ። ጠዋት ተነስቼ ዓሪፍን «በል ባሕር አሳየኝ፣ ሳላይ ከተመለስኩ መርሳ ይስቅብኛል» አልኩት። ሲየስታ የሚሉት ባሕር ዳር ወሰደኝ። ባሕር የለም! ጭቃና ድንጋይ፣ በጭቃው ላይ የሚራመዱ ወፎች፣ ሌላ ምንም። «ደርቋል እንዴ?» ብለው «ሄዷል እትዬ፣ ይመለሳል» አለኝ። የገጠር ሴት አድርጎ ያሾፈብኝ መስሎኝ ተቆጣሁት። ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ ስንመለስ፣ ጠዋት እግሬን ያሳረፍኩበት ድንጋይ ላይ ውኃው እየመጣ ይጋጫል። ማንም ሂድልኝ አላለውም፣ ማንም አልጠራውም። በራሱ ጊዜ ሄዶ በራሱ ጊዜ መጣ።

ምሳ የበላነው የመናውያን ዓሣ ቤት ነው። ጠረጴዛው ፕላስቲክ፣ ጩኸቱ የመናኸሪያ ጩኸት። ክንድ የሚያህለውን ዓሣ በጀርባው ይሰነጥቁና እንደ መጽሐፍ ይገልጡታል። ቀይ ቅመም ይቀቡትና እንደ ጉድጓድ በጠለቀ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይለቁታል። ከላይ ጠቆር፣ ከውስጥ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሰፊ ትኩስ ቂጣም አብሮ ይመጣል። ሲያልቅ ደግሞ ቂጣውን ከሙዝና ከማር ጋር ፈትፍተው ያቀርባሉ። እዚህ ላይ አንቺ ብትኖሪ «ይሄንንማ እኔም እሸጠዋለሁ» ትይ ነበር።

አንድ ትልቅ ትሪ መሐላችን አስቀመጡ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ ብርሃኔን «ያንተንስ የት ነው የሚያቀርቡልህ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ይኼን ያረደው ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ የናንተም የኛም አይደለም» አለና አማተበ። ዓሪፍ ቢስሚላህ ብሎ ቆረሰና «አጥንቱም ሃይማኖት አይለይም፣ ጉሮሮህን ጠብቅ» አለው። ሁለቱ ከአንድ ትሪ፣ ክርናቸው እየተጋጨ፣ ይሄኛው ያንተ ነው ያኛው የኔ ነው እየተባባሉ ይበላሉ። እኔ እጄን ሰደድኩና መመለስ አቃተኝ። እኔና አንቺ ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን ካንድ ሰሃን በልተን አርጅተናል። ከአንድ ትሪ ግን ከአጥንት ላይ ግጠን አናውቅም። ዓሣ እያለ! ሐይቅ ከደሴ ወዲህ እያለ! እንዴት እስከ ዛሬ አልታየንም?

እንግዲህ ወደማይቀረው ነገር ልምጣ።

ድስትሽ እኔ ቤት ለብቻው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ልጆቼ አድገዋል። ለዐረፋ ስትመጪ ዶሮሽን ይዘሽ፣ አራጅሽን አስከትለሽ፣ በራስሽ ድስት ሠርተሽ ትበያለሽ። እኔም ለፋሲካ አንቺ ጋ እንደዚያው። ልጆቼ ሲጫወቱ ያንን ድስት ቢነኩ እጃቸውን እመታ ነበር። ከነሲባ ሠርግ በኋላ ግን ሰው ላክሽና አስወሰድሽው። ከዚህ በፊትም ሰው አስቀይሞኝ ያውቃል፣ አልቅሼም አውቃለሁ። ያ ባዶ ምስማር ግን ለብቻው ነው። እስከ ዛሬ አልነቀልኩትም።

ለምን ተቀየምሽ አልልሽም። በጥር፣ በሠርጉ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የክርስቲያኑን ድግስ አንቺ ኃላፊ ሆነሽ፣ ደምሴ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ የኛዋ ወጥ ሠሪ ሲቲ «ኧረ ይኼ ከኛ ድስት የተጨለፈ ነው!» ብላ ከጮኸች በኋላ፣ ያንቺን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ። የነፍስ አባትሽ ፊት ቀርበሽ፣ ጠበል ተረጭተሽ፣ ወንድምሽ ስንት ወር ፊት ነስቶሽ። ይሄ ቀላል ነው የሚል እኛን አያውቀንም። ሁለቱ ድስቶች ከአንድ ቤት የተከራዩ መንትያ ነበሩ። አንዱ ሲያልቅ አንድ ሰው ቸኩሎ ከሌላው ጨለፈ። «ማን ነው ጭልፋውን የያዘው?» ብለሽ ስትመጪብኝ «እኔ ነኝ» አልኩሽ። አሁንም እኔ ነኝ። አልከራከርም።

እዚያ ዓሣ ቤት ተቀምጬ ትዝ ያለኝ ግን ጩኸቱ አይደለም። ከጩኸቱ በፊት የነበረው ነው። ነሲባን ጓዳ ውስጥ በሩን ዘግቼ ሳለብሳት፣ ዓይነ ርግቡን የት እንደምሰካው ጠፍቶኝ፣ ልጄ ደግሞ «እማ፣ ራሴን ወጋሽኝ» እያለች ስንስቅና ስናለቅስ፣ በሩን ደብድበው «ውጪ፣ ጉድ ፈልቷል» እስኪሉኝ ድረስ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላልኩም። ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ቃልኪዳንን ነው፤ ግድግዳ ተደግፋ ከንፈሯ ደርቆ። ከጠዋት ጀምሮ እግሯ መሬት ሳይነካ እንግዳ ስታስተናግድ የዋለች ልጅ፤ ጩኸት ያስደነግጣታል። የደምሴ ቁጣ ደግሞ የአባት ያህል ያሳደጋት ሰው ቁጣ ነው። ዋ!

ጭልፋ የያዘ እጅ፣ እንግዳ ባዶ ሰሃን ይዞ እንዳያፍር ብሎ ነው የሚሮጠው። እንዲህ ያለ እጅ ይሳሳታል እንጂ አይበድልም። ስለራሴ ነው የምናገረው።

ቃልዬ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ። አታቁሚ፣ ማንበብሽን ቀጥይ። ትንሽ ነው የቀረው።

ሚዜዬ፣ ከጅቡቲ ለሰዉ ሁሉ ሽቶና ሻርፕ ይዤ መጥቻለሁ። ላንቺ ግን መጥበሻ ነው የገዛሁት። ሰፊ ነው፣ ሁለት ዓሣ ጎን ለጎን ያስተኛል። ዓሪፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሻል፤ ውስጡ በጨርቅ የታሰረው ያ ቀይ ቅመም ነው፣ ዓይንሽ እስኪድን አንቺ እንዳትፈቺው። መጥበሻው ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ የናንተም የኛም ሥጋ ነክቶት አያውቅም። እኔ ጋ ላስቀምጠው ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። ይሄ አንቺ ጋ ይሁን፤ በዚህኛው እኔ እንግዳ ልሁንበት።

ዐረፋ ረቡዕ ይውላል እየተባለ ነው። ረቡዕ ነው ብለሽ እንዳታመካኚ፣ ሃምሳው አልወጣም፣ ጾም እንደሌለብሽ አውቃለሁ። ዓሪፍ ከሐይቅ ዓሣ በበረዶ ያመጣልኛል። በጉ ለወንዶቹና ለጎረቤት ነው፤ እኔና አንቺ ከጓሮ ካለው ማንጎ ሥር አንድ ትሪ ይዘን እንቀመጣለን። ደምሴንም አምጪው፤ ውኃ ያረደውን እንቢ ካለ ማንጎ ይብላ፣ ጥሬ አልሰጠውም። ቃልኪዳንን ሳትይዢ ግን እንዳትመጪ። ዓሣውን የምታወጣልን እሷ ናት። ጭልፋውን እሷን ነው የማስይዛት፣ ሌላ ማንንም አይደለም።

ሌላም አለ። ማንጎው በወልድያ ስለሚያልፍ ተረክቦ የሚያሳልፍ ታማኝ ሰው ሲጠየቅ ስምሽን ሰጥቻለሁ፣ ሳልጠይቅሽ። ብትቆጪ መብትሽ ነው። ለመቆጣት ግን ስልክሽን ማንሳት አለብሽ።

ካልመጣሽም አልመጣሽም። መጥበሻውን ግን በሰው እንዳትመልሺው። እሱን አልችልም።

አላህ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ቤትሽን ከሰው አያጉድልብሽ። ያንቺም እመቤት ትጠብቅሽ። ደጅሽ እንግዳ፣ ማድጋሽ ውኃ አይጣ። ቃልኪዳንን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ደብዳቤውን ከነስሕተቱ አንብባ ስለጨረሰች አመስግኚልኝ።

አንቺ ሚዜ የሆንሽላት፣
ያቺው ሙሽራሽ