ተራራውን በማስመሪያ ላነሱልን ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የመንገደኞች ባቡር መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ባርኔጣዬን አውልቄ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? እንቅልፍዎስ? ወገብዎ እንደ አዲሱ ካርታዎ መሥመሮች ቀጥ ብሎ፣ ዕድሜዎም እንደ ባቡርዎ ጉዞ ረዝሞ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፀጉር የማስተካክል ሰው ነኝ። ክቡርነትዎ አያውቁኝም፤ ይሁን እንጂ ባቡርዎን ሊሳፈር የመጣ ሰው ጢሙ ሳያድግ የሚሳፈርበት ጊዜ ስለሌለ፣ የዕለት ጉርሴን የማገኘው በእርስዎ ቸርነት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ባለፈው ክረምት ሠራተኞችዎ መሰላል ተሸክመው መጡና በጣቢያው ግድግዳ ላይ የኖረውን አሮጌ ካርታ አውርደው አዲሱን ሰቀሉ። አሮጌው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዓይን የሚያደክም ነገር ነበር፤ ሐዲዱ በሚጠማዘዝበት እሱም ይጠማዘዛል፣ ወንዝ ባለበት ወንዝ አለ፣ ተራራ ባለበት ቡናማ ቀለም ተለቅልቋል፣ ሁለት ቤትና አንድ ዛፍ ብቻ ያላት ፌርማታ ሳትቀር ስሟ ተጽፏል። አዲሱ ግን በትልልቅ ከተሞች የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ እንደሚለጠፈው ዓይነት ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መሥመሮች፣ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጫጭ ነጥቦች፣ ከዚያ ውጪ ንጹሕ ባዶ ወረቀት። ሠራተኞችዎ አንድ ቅጂ ለእኔም ስለሰጡኝ ከመስታወቴ ትይዩ ለጠፍኩት። ደንበኞቼ ወንበሩ ላይ ሆነው በመስታወቱ ውስጥ ግራው ቀኝ ሆኖ ተገልብጦ ያዩታል፤ እስካሁን ግን ዞር ብሎ በቀጥታ ካየው ሰው የባሰ የተሳሳተ አንድም አላጋጠመኝም።

ይህን ለሚያህል ውለታ ምስጋና በጥቅሉ ማቅረብ ንፉግነት መስሎ ስለታየኝ፣ በተራ ቁጥር እየዘረዘርኩ እንዳመሰግንዎ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ተራራውን ስላነሱልን አመሰግናለሁ። ከከተማችን ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የተገተረው ያ ተራራ ስንት መሐንዲስ ዋሻ ልቆፍርለት ብሎ ተሰብስቦ፣ ተጨቃጭቆ፣ በመጨረሻም ጡረታ የወጣበት መሆኑን እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ክቡርነትዎ ግን በአንድ ማስመሪያና፣ እንደምገምተው፣ ከምሳ በኋላ ባለች ጊዜ ገላገሉን። የቀረው ትንሽ ጉዳይ ለባቡሩ ማሳወቅ ብቻ ነው። እሱ ምስኪን እስከ ዛሬ ተራራ ያለ እየመሰለው፣ እንደ ድሮው እየዞረ፣ እያለከለከ፣ እየቆመ ይወጣዋል፤ ወጣት መንገደኞች ወርደው ከጎኑ እየተራመዱ በመስኮት በኩል ከወዳጆቻቸው ጋር ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። ደንበኛዬ የሆነው የባቡሩ ነጂ አንድ ቀን ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ሳለ ካርታውን በመስታወት አየውና እጄን ያዝ አደረገ። ከዚያም ረዘም ላለ ጊዜ ሲመለከተው ቆይቶ፣ «እባክህ፣ ይቺን መንገድ ለእኔም አንድ ቀን ቢያስነዱኝ ምናለ?» አለኝ። ጥያቄው ለሚመለከተው ክፍል ቢመራለት ደስ ይለናል።

፪ኛ፦ ነጥቦቹን ሁሉ በእኩል ርቀት ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። ስለ ሰው ልጆች እኩልነት የተናገሩ ብዙ ናቸው፤ የርቀቶችን እኩልነት በማወጅ ግን እርስዎን የቀደመ ያለ አይመስለኝም። የዚህ አዋጅ የመጀመሪያ ተጠቃሚ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነበር። እሱ የሚኖረው በዋናው ከተማ ሲሆን፣ የተጠራበት ምሳ የማያመልጠው፣ ያልተጠራበትም ቢሆን እምብዛም የማያመልጠው ሰው ነው። ካርታዎን አይቶ በእሱና በእኛ መካከል አራት ነጥብ ብቻ እንዳለ ቆጠረ። እሱ ባለበት ከተማ አራት ነጥብ ማለት ጋዜጣ ገልጦ ርዕሱን አንብቦ የሚወረድበት መንገድ ስለሆነ፣ ለምሳ እንደሚደርስ በስልክ አስታውቆ፣ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ሆኖ፣ ባለ ክሬም ኬክ ታቅፎ ማለዳ ተነሣ። እኛም ሠርተን፣ አቅርበን፣ ጠብቀን፣ አሙቀን፣ በመጨረሻም በላነው። እሱ የደረሰው በማግሥቱ ቁርስ ሰዓት ላይ ነው። ኬኩ በመጀመሪያ አበባውን፣ ቀጥሎ ቅርጹን እንዳጣ፣ በኋላም አብረውት የተሳፈሩ መንገደኞች በሕፃን ልጅ የመድኃኒት ማንኪያ ተራ በተራ እንዳጣጣሙት ነገረን፤ ለማስረጃነትም ሪባኑን አወጣ። ከሁሉ የገረመኝ ግን በብርድ እየተንቀጠቀጠ በር ላይ እንደ ቆመ በካርታው ላይ አንዲት ክፉ ቃል አለመናገሩ ነው። እህቱን ከላይ እስከ ታች ገላምጧት፣ «ሳትነግሪኝ ቤት ቀየራችሁ እንዴ?» አላት።

፫ኛ፦ ቀዩና አረንጓዴው መሥመር የሚገናኙበትን ያንን የሚያምር ነጭ ቀለበት ስለሣሉልን አመሰግናለሁ። ካርታው «እዚህ ይቀይሩ» ይላል፤ ጎረቤታችን ጡረተኛው ሳጅንም እንደ ወትሮው ትእዛዝ አክባሪ በመሆናቸው ሻንጣቸውን ይዘው ሊቀይሩ ወረዱ። ቀለበቱ ውስጥ አንድ ገበያ፣ ሁለት መናኸሪያ፣ የቄራ አጥርና ለክረምት የተዘጋጀ ሰፊ ጭቃ እንዳለ ያወቁት ከገቡበት በኋላ ነው። የጋሪ ነጂዎች ማኅበር ለጤናዎ እንደሚጸልይ ስነግርዎ ደስታ ይሰማኛል።

፬ኛ፦ የጊዜ ሰሌዳውን አንስተው ቦታውን ለካርታው ስለሰጡ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ካርታ የተለጠፈበት ጣቢያ የገባ ሰው፣ አንዱ ባቡር ቢያመልጠው ሌላው ከኋላው ተከትሎ እንደሚመጣ ስለሚያምን ያለ አንዳች ጭንቀት ይጠብቃል። ብዙዎቹ አሁንም እየጠበቁ ናቸው፤ ሁለቱን ትናንት ላጭቻቸዋለሁ። ትኬት ቆራጯ ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ ስትጠየቅ በትሕትና «ይመጣል» ትላለች። ደግመው ከጠየቋት መስኮቷን እየዘጋች፣ «ይመጣል አልኩ እኮ! ካርታው ላይ አያዩትም?» ትላለች። እኔ በዚህ አልፈርድባትም፤ እሷም ያላት ያው ካርታ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን ሱቄ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ ደንበኞቼ ከወንበር እስኪወድቁ ስቀዋል፤ አንዱም ጆሮው ለትንሽ ተርፏል። ደብዳቤውን እዚሁ ላይ ብዘጋው ለሁላችንም ደግ ነበር። የሚቀጥለውን ግን ለደንበኞቼ አላነበብኩላቸውም።

፭ኛ፦ ባለቤቴ መምህርት ናት። የምታስተምረውም፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ጂኦግራፊ ነው። በትምህርት መሥሪያ ቤት ቤተሰብ ያለው መምህር ከቤቱ ከሦስት ጣቢያ በላይ ርቆ እንዳይዛወር የሚል የቆየና ርኅራኄ ያለበት መመሪያ አለ። መመሪያው ሲወጣ ካርታው እያንዳንዷን ሚጢጢ ፌርማታ ይቆጥር ስለነበር፣ ሦስት ጣቢያ ማለት ጠዋት ሄደው ማታ ቤት የሚገቡበት መንገድ ነበር። ክቡርነትዎ ትንንሾቹ ፌርማታዎች የካርታውን ውበት ስለሚያበላሹ ጠራርገው አወጧቸውና ትልልቆቹን ከተሞች ብቻ አስቀሩ። በዚህ ጊዜ ከተራራው ማዶ፣ ከሁለት ወንዞች ማዶ፣ ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ ተጉዘው የሚደርሱበት ከተማ ከእኛ ሁለተኛው ነጥብ ሆኖ ቁጭ አለ። በወሩ ባለቤቴ ወደዚያ ተዛወረች።

ቤት ውስጥ ዱብ ዕዳ ወረደብን ብል ይቀላል። ይግባኝ ልትል ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ኃላፊው ካርታዎን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ የእስክሪብቷቸውን ጫፍ በእኛ ነጥብ ላይ አሳርፈው፣ «አንድ… ሁለት» ብለው ቆጠሩና ቀና አሉ። ከዚያም ለስንትና ስንት ተማሪዎች ካርታ ማንበብ ያስተማረችውን ሴት፣ «መምህርት፣ ካርታ ማንበብ ያስቸግርዎታል እንዴ?» ሲሉ በአዘኔታ ጠየቋት። ባለቤቴ ካርታው ስኬል እንደሌለው፣ ስኬል የሌለው ካርታም ርቀት እንደማይናገር ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ኃላፊው ቅን ሰው ስለሆኑ ስኬሉን ለማግኘት ካርታውን ገልብጠው ጀርባውን ፈለጉ። የባለሥልጣን ቢሮ ውስጥ ሳቅ አፍኖ መቀመጥ ምን እንደሚመስል በዚያን ቀን አወቅሁ። ከቢሮው ስንወጣ ግን ሁለታችንም አልሳቅንም።

አሁን ረዘም ያለ የበዓል ዕረፍት ሲገጥማት ብቻ ትመጣለች። ትደርሳለች፣ እግሯን ትታጠባለች፣ አብረን ራት እንበላለን፣ ልጃችንን ፀጉሯን ትሠራታለች፣ ሲነጋ ሻንጣዋን ታነሣለች። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ቻልኩት እላለሁ። ነገሩ የከፋው በልጃችን በኩል ነው።

ልጃችን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ወጥታ አንዷን ጣቷን በእኛ ነጥብ ላይ፣ ሌላዋን በእናቷ ነጥብ ላይ አድርጋ፣ «አባዬ፣ እማዬ እዚህ ጋ ናት አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ይኼው አጠገባችን! ታዲያ ለራት ለምን አትመጣም?» አለችኝ። በመሀል ትልቅ ተራራ እንዳለ፣ ባቡሩም እየዞረ እንደሚሄድ ነገርኳት። ካርታውን አፍንጫዋ እስኪነካው ተጠግታ ፈለገች። ከዚያም ዞራ በሐዘን ተመለከተችኝ፤ ሰው የሚወደውን ሰው ሲዋሽ እንደያዘው ማለት ነው። «ተራራ የለም እኮ፣ አባዬ» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እናቷ ስትደውል ስልኩን አትቀበለኝም። ከፊቴ እንደ ቆመች፣ ዓይኗን እንዳፈጠጠች፣ በሹክሹክታ «ተኝታለች በላት» ትለኛለች። እኔም እላለሁ። ባለቤቴ ሞኝ አይደለችም፤ በዚያች ሰዓት ልጇ እንደማትተኛ ታውቃለች፤ ሆኖም ስለ ደንበኞቼ ትጠይቀኛለች። ካርታውን ከሱቄ ገንጥዬ ጣልኩት። ነገር ግን ጣቢያው ላይ አለ፣ የትምህርት ቤቷ ግድግዳ ላይ አለ፣ የትኬቱ ጀርባ ላይም አለ፤ ክቡርነትዎ ሥራ ሲሠሩ በግማሽ አይተዉም። ተናድጃለሁ፤ ከመናደዴም በላይ አዝኛለሁ። በማር የተለወሰ ቃል ብፈልግለት ስላጣሁ እንዲሁ ጻፍኩት።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ይህን ያህል ከወሰድኩ በኋላ፣ ለሠራተኞችዎ፣ በተለይም ማስመሪያውን ለያዙት፣ አክብሮታዊ ሰላምታዬን እንዲያደርሱልኝ እለምናለሁ። ወደ እኛ ከተማ የመምጣት ፈቃድ ቢኖርዎ ሱቄ ከጣቢያው ፊት ለፊት ናት፤ ከባቡር እንደ ወረዱ የመላጫ ዋጋ አልቀበልዎትም፣ እስከዚያ ድረስ የሚያድገው ጢም ግን ከመቀስ በላይ ሊሆን ስለሚችል ረዳት እቀጥራለሁ።

መንገድዎ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ጣቢያዎ ሁሉ ቅርብ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በማይናወጥ አክብሮትና ጎንበስ ባለ ወገብ እሰናበታለሁ።

የታላቁ መሥሪያ ቤትዎ የዘወትር ባለ ዕዳ፣
በአረንጓዴው መሥመር፣ ከእናቲቱ ሁለት ነጥብ ብቻ ርቆ የሚኖረው
ፀጉር አስተካካይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ተራራውን ወደ ቦታው እንዲመልሱት አልለምንም፤ መሥመሩን ማጣመምም ለእርስዎ እንደሚከብድ እረዳለሁ። በእኛና በባለቤቴ ነጥብ መካከል ግን ሁለት ቃል የሚያስቀምጥ ነጭ ቦታ አለ፤ ለክቻለሁ። በሚቀጥለው እትም እዚያች ላይ፣ በፈለጉት ቀለም፣ «ሩቅ ነው» ብለው ያትሙልኝ። ልጄ ማንበብ ጀምራለች። እኔና እናቷ ነግረናት አላመነችንም፤ እርስዎ ያተሙትን ግን እስከ ዛሬ ተጠራጥራ አታውቅም።