ልጄ በልታ እንደሆነ ሳይጠየቅ ሊሰጣት ስለነበረው ማደንዘዣ የቀረበ ምስጋና

ነቃች! ልጄ ራሄል ነቃች! ዐይኗን ገልጣ «እማዬ፣ አፍንጫዬ የታለ?» አለችኝ፤ እልል በሉልኝ! ይቅርታ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ደስታዬ ሰላምታውን ቀድሞት ነው።

ይድረስ በወልድያ ከተማ የአፍንጫ ማስተካከያ ክሊኒክ ከፍተው ውበትን ደጃችን ድረስ ላመጡልን ለክቡር ሥራ አስኪያጅ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ኮሪደሩ ላይ የሰቀሉት «ጸጥታ ይከበር» የሚለው ሰሌዳም ደኅና ናችሁ? እኔ የራሄል እናት ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

አንደኛ፦ ስላስመረጡን አመሰግናለሁ። ልጄ «የአባቴን ጎባጣ አፍንጫ አልፈልግም» ብላ አልቅሳ ይዛን ስትመጣ፣ ሻይ በስኳር ነው ያለ ስኳር እንደሚባለው ሁሉ «አፍንጫዋ ብቻ ይደንዝዝ ወይስ ሙሉ በሙሉ ትተኛ?» ብለው ጠየቁን። ልዩነቱን ስጠይቅዎ «ሙሉው ይሻላል፣ ምንም አታውቅም» አሉኝ። እሷማ አታውቅም፤ ቆሜ የማውቀው እኔ ነኝ እኮ! ባለቤቴ ፍቅሩ መካኒክ ነው፤ ሞተር ማጥፋትና ማስነሳት እንጀራው ሆኖ ሳለ «አጥፍተዋት አልነሳ ብትልሳ?» ብሎ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሁለተኛ፦ ስለ ጸጥታው። እኛ አገር መርሳ፣ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ጎረቤት ዱዓ ሳያደርግለት አይወጣም። ጎረቤታችን እትዬ ዓቢዳም በማለዳ ገንፎዋን በቅቤ አርሳ፣ «ያ አላህ፣ በሰላም መልሳት» ብላ አቀረበች፤ ዱዓ የተደረገበትን ሳይቀምሱ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ራሄል በላች፤ እኔም «ጨምሪ እንጂ፣ ለቢላዋ አቅም ያስፈልጋል» አልኳት። አትብላ ያለን አልነበረማ! አልጋው ላይ ስትወጣም ምን በላሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

እኔ ደግሞ ስፈራ አፌ አይዘጋም። ኮሪደሩ ላይ ለማላውቃት ሴትዮ ስለ ገንፎው ሳወራ፣ ሠራተኛዎ «እናቴ፣ ጸጥታ!» ቢሉኝ ይብሱን ድምፄን ከፍ አድርጌ «ኧረ ጠዋት ጥግብ አድርጋ በልታለች!» አልኩ። የማደንዘዣ ባለሙያው ብሩክ መርፌውን እንደያዘ ብቅ አለ። «ማናት የበላችው?» አለኝ። ሙሉ ማደንዘዣ ወስዳ በተኛችበት ምግቡ ወደ ላይ ቢመለስ ሳንባዋ ገብቶ ሊገድላት ይችል እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። «ጨምሪ» ብዬ ያጎረስኳት እኔ ነኝ እኮ ጌታዬ! እጄን እያየሁ አለቀስኩ።

ሦስተኛ፦ የዚያን ቀኑ ቀርቶ በሌላ ቀን በባዶ ሆዷ መለስናት። ብሩክ አስቀምጦ አስረዳን፤ አፍንጫዋ ብቻ ከደነዘዘ እየሰማች በራሷ ትተነፍሳለች፤ ሙሉ ከሆነ በጉሮሮዋ ቱቦ ገብቶ ማሽን ያስተነፍሳታል፤ የእሷ የአፍንጫው አጥንት ስለሚነካ ሙሉው ይሻላል። ይህን መናገር ምላስ አያቆስልም፤ እርስዎ ግን ሥራ ስለሚበዛብዎ አልፈርድም። በሩ ሲዘጋባት እኔ ዝም አልኩ። ፍቅሩ የባሰ የደነገጠው ያን ጊዜ ነው፤ በትዳራችን ዝም ስል አይቶኝ አያውቅም።

ጠያቂ እንዲሰጥዎ፣ ጠያቂም እንዳያሳጣዎ ሌት ተቀን የምጸልይልዎ፣ ዝም በይ ተብላ እንቢ በማለቷ ልጇን ያተረፈች አክባሪዎ፣

ማሚቴ ዘውዱ፣ ከመርሳ

ማስታወሻ፦ የራሄልን ፎቶ ለማስታወቂያዎ እንድንፈቅድልዎ ጠይቀዋል። በደስታ! ከሥሩ ግን «ይህችን ቆንጆ በልታ እንደሆነ ሳንጠይቅ ልናስተኛት ነበር» ተብሎ በጉልህ ይጻፍልኝ። ፎቶውን መጥተው ራስዎ ያንሱ፤ እትዬ ዓቢዳም፣ ብሩክም፣ ይህን ያነበበ ሁሉም እንዳይቀር፤ የራሄል የምስጋና ድግስ መርሳ፣ እኛ ቤት፣ ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው።