የይርጋ ጥያቄ

ጥቅምት 12፣ ሚካኤል

ድንች እየቆፈርኩ ነበር። የንስሐ አባቴ ከሽማግሌዎች ጋር በማሳው ዳር መጡ። በጠዋት፣ አንገታቸውን ደፍተው። መርዶ መሆኑን አወቅሁ። የማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። ቄሱ፣ ይርጋ ነው አሉኝ። የበኩር ልጄ። ትናንት ከደ/ማርቆስ ሲመጣ ሚኒባሱ ገደል ገባ። ደብተሬ፣ ዛሬ ከዚህ በላይ አልችልም።

ጥቅምት 14

ድንኳኑ ሞልቷል። ይርጋ ወታደር ሳለ አብረውት የዘመቱት መጡ። ሜዳልያውን ለምን እንደተሸለመ ገና ዛሬ ሰማሁ። ጥይት እየዘነበ ቁስለኛ ተሸክሞ ወጣ አሉ፤ ተመልሶ ሌላውን አመጣ። እኔ ስጠይቀው እግሬ ፈጣን ስለሆነ ነው ይለኝ ነበር።

አንድ ገበሬም ከቁይ ድረስ መጣ። በከብት ሌብነት ያለጥፋቱ ታስሮ ነበር። ይርጋ ያኔ የፖሊስ መርማሪ ነው። ምስክሮቹን አንድ በአንድ፣ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል፣ እያለ ጠየቀ። ያየ አልተገኘም። ሰውዬው ተፈታ። ኋላ የሬዲዮ ዘጋቢ ሲሆንም ጥያቄው ይቺው ነበረች። እኔንም አይምረኝም። የጎረቤት ወሬ ሳወራለት፣ እማ፣ አይተሻል ወይስ ሰምተሻል? እናደድ ነበር።

ጥቅምት 15

ክፉ ቀን። ወሬ ተነሥቷል። ክረምት ላይ አንድ የእህል ነጋዴ ሚዛን እያዛባ ገበሬ ሲዘርፍ ይርጋ በሬዲዮ አጋልጦት ነበር። ነጋዴው ነው የሚኒባሱን ፍሬን አስቆርጦ ያስገደለው ይላሉ። አልቃሿ ጥሩወርቅ ተነሣች፦

ገዳዩ ገበያ እህል እየሸጠ፣
ወንድሙ ከደጃፍ ምነው ተቀመጠ?

የታናሹ ልጄ የላቀው ፊት ጠቆረ። ጠመንጃው ወዳለበት ቤት ገባ። እኔም ተነሣሁ።

— ጥሩወርቅ፣ አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?

— ኧረ እቴ! ሙሾ ላይ ምስክር ይጠራል እንዴ?

— በይርጋ ለቅሶ ላይ ይጠራል።

ላቀውን ጠመንጃ ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ያዝኩት። መጀመሪያ ሄደህ ጠይቅ፣ ወንድምህ ሳይጠይቅ ማንንም አልወነጀለም አልኩት። ደሙን ልትሸጪ ነው አለኝ። የወለድኩት ልጅ። ቃሉ አሁንም ያመኛል። ጠመንጃውን ግን አስቀመጠ።

ጥቅምት 17

ላቀው ከደ/ማርቆስ ተመለሰ። ሆስፒታል ከአደጋው የተረፈች ሴት አገኘ። ጉም ነበር። ላም መንገድ ገባች፤ ሾፌሩ አተርፋታለሁ ሲል መኪናው አመለጠው። ሾፌሩም ሞቷል። ይርጋ ወዲያው አልሞተም። ሰው በመስኮት እያወጣ ነበር። እሷንም ያወጣት እሱ ነው። ከዚያ መኪናው እንደገና ተንከባለለ።

ላቀው ይህን ሲነግረኝ ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ ግን፣ ደብተሬ፣ ኮራሁ። በሐዘን መሐል መኩራት ኃጢአት ከሆነ ይቅር ይበለኝ።

ነጋዴው ሚዛን ሰርቋል። ልጄን አልገደለም። ሁለቱን አትቀላቅል አልኩት። እሺ አለ።

ኅዳር 18

አርባው ከነገ ወዲያ ነው። እስካሁን የምጽፈው ላንተ ብቻ ነበር፣ ደብተሬ። አሁን ቆርጫለሁ፤ ላቀው ለይርጋ የሥራ ባልደረቦች ይሰጥልኛል፤ ሰው ያንብበው።

ድምፁን በሬዲዮ የምታውቁ ሁሉ፣ በጸሎት ይርጋ አትበሉት። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። ደጀ ሰላም ስትሳለሙ፣ ጌታ ሆይ፣ ወልደ ሰንበትን አስበው በሉልኝ። ሾፌሩንም አትርሱት። የእሱን የክርስትና ስም አላውቅም። እናቱ ዘንድ ሄጄ እስክጠይቅ ድረስ፣ ስሙን አንተ ታውቀዋለህ በሉት።