ከጭራ የተሠራ ዝንብ

ከጮቄ ሥር፣ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ ለመሪጌታ የኋላሸት
መርጡለ ማርያም

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም በደስታ ነው የምጽፍልዎት። በስልክ ያልነገርኩዎት ድምፅዎን ስሰማ ለሁሉም «እሺ» ስለምል ነው።

ከባሌ አምጥተን እዚህ ጅረት የለቀቅነው ትራውት የሚባለው ዓሣ አልቋል ተብሎ የማራባቱ ሥራ መዘጋቱን ያውቃሉ። ጓደኞቼም ተበትነዋል። እኔ ደግሞ እስከዚህ ሳምንት ዓሣውን ካላገኘሁት ሰኞ መጥቼ የወረዳውን ሥራ እንደምጀምር ቃል ገብቼልዎት ነበር።

ይህ ዓሣ ውኃ ላይ የሚያርፍ ዝንብ ይወዳል። ስለዚህ መንጠቆው ላይ የውሸት ዝንብ እናስራለን፤ ሰውነቱ ክር፣ ክንፉ የአውራ ዶሮ ላባ። ጅራቱን ደግሞ እርስዎ ከሰጡኝ አሮጌ ጭራ ነቅዬ ሠራሁት። ስንት ዘመን ዝንብ ያባረሩበት ጭራ እሱ ራሱ ዝንብ ሆነልዎት።

ያስቸገረኝ አወራወሩ ነው። ከወንድሞቼ ጋር ጅራፍ እያጮኽኩ አይደል ያደግኩት፤ ክሩንም አጮኸዋለሁ። በጮኸ ቁጥር ዝንቡ ተበጥሶ ይሄዳል። ያረፍኩባቸው ጋሽ መሳፍንት ገብስ እያጨዱ፣ «አንቺ ልጅ፣ ውኃው ምን በድሎሽ ነው የምትገርፊው?» ይሉኛል።

ዛሬ ጠዋት ግን ክንዴን ለቀቅ አድርጌ ወረወርኩት። ዝንቡ እንደ ገለባ ቀስ ብሎ ውኃው ላይ አረፈ። ከድንጋዩ ጥላ ሥር አንድ ነገር ብቅ አለና ቀለብ አደረገው። ጩኸቴን ሰምተው ጋሽ መሳፍንት ማጭዳቸውን እንደያዙ መጡ። መዳፌ ላይ ያለችውን ዓሣ አይተው ሳቁ።

«ለዚህች ነው ክረምት ከበጋ እዚህ የተገተርሽው? ለድመት እንኳ አትበቃም።»

«ትንሽነቷን አዩልኝ፣ ጋሼ?»

«እሷማ ከጣትሽ መች በለጠች።»

«እኛ የለቀቅናቸው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አሁን ክንድ ያህላሉ። ይህች እዚሁ የተወለደች ናት።»

«ጎጃሜ ናታ በይኛ» አሉ ጎንበስ ብለው እያዩዋት። «በይ መልሻት፣ እናቷ ትፈልጋታለች።»

ፎቶዋን አንስቼ ለቀቅኳት። ሥራውን ይመሩ ለነበሩት መምህራችን ልኬላቸዋለሁ፤ ምን እንደሚሉ ገና አላወቅኩም። ሥራው ቢከፈትም ባይከፈትም ግን አባዬ፣ ሰኞ አልመጣም። ቃሌን አላጠፍኩም፤ አግኝቻታለሁ። ለእማዬ ቀስ አድርገው ይንገሩልኝ።

ቢቆጡኝም ከምርቃትዎ አይለዩኝ። እመቤታችን ጤናዎን ትጠብቅልኝ። ገና ሲቃረብ ደግሞ ብቅ ይበሉና እናቷን አብረን እንፈልግ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ነጩን ጋቢ ያወልቁልኛል፤ ዓሣዎቹ ነጭ ሲያዩ ይሸሻሉ።

ልጅዎ
ያለምወርቅ